አጥንት አጣቢው

ቆቦ ስገባ የእንጀራዬ ነገር ከተነሳ አጎቶቼ ሳቃቸው አይጣል ነው። «ይሄን ሁሉ ተምሮ አዲስ አበባ አጥንት ያጥባል!» ይሉኛል። የቅሪተ አካል ቴክኒሺያን ነኝ፤ አጥንት ከድንጋይ አላቅቃለሁ። የሚያናድደኝ ግን የእነሱ ሳቅ አይደለም፤ የተማረው ሰው ንቀት ነው።

ሰላምን እንይ። ከዞብል ማዶ፣ በአፋር ቆላ ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ ዲኪካ ላይ በ2000 እ.ኤ.አ. ተገኘች። የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን ናት። አካሏ ከአሸዋ ድንጋይ ጋር ተጋግሮ ስለነበር ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ራሳቸው በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት ሲፈለፍሉት ዓመታት ፈጀ። የትከሻ አጥንቶቿ ዝርዝር ጥናት የወጣው በ2012 ነው! ቅርጻቸው ወደ ዝንጀሮ ወገን ያደላል፤ በሁለት እግሯ የምትሄደዋ ልጅ ዛፍም ትወጣ ነበር የሚለው ክርክር የበረታው በዚህ ነው። መሣሪያው አንዲት ሚሊሜትር ቢስትስ ኖሮ? ምሁሩ ያልናቁትን ሥራ እኛ ምን ቆርጦን ናቅነው?

ባዮሎጂን በሥዕል ሸምድዶ የሚመረቅ ስንት አለ! የራያ ሰው እኮ በግ አርዶ ብልት ሲያወጣ መገጣጠሚያውን በጣቱ ያገኘዋል፤ ቢላው አጥንት አይነካም። ይህን እጅ አሠልጥኑት፤ ደመወዙንም በወረቀቱ ብዛት አትለኩት። መስታወቱ ላይ ያገኘው ሰው ስም ይጻፋል፣ ያጠናውም ይጻፋል። ከድንጋዩ ያወጣውስ?