አያትህ ካውቦይ ነበር እንዴ?

በቤርሼቫ የአውስትራሊያ ወታደር መናፈሻ ውስጥ ፈረሱን በምሽግ ላይ የሚያዘልል ወታደር ሐውልት ቆሟል። ኦክቶበር 31 ቀን 1917 የአውስትራሊያ ፈረሰኞች የቱርክን ምሽግ በግልቢያ ጥሰው ከተማዋን የያዙበትን ቀን ያስታውሳል። ባለፈው ዓመት ለልምምድ ከተመደብንበት የወጣቶች ቤት ልጆች ይዘን እዚያ ሄድን። አንዱ ልጅ ሐውልቱን አይቶ «አያቴም ፈረስ ይጋልብ ነበር» አለ። ጓደኞቹ ሳቁበት፦ «አያትህ ካውቦይ ነበር እንዴ?» ልጁ ዝም አለ። እኛም፣ ማኅበራዊ ሥራ ሦስተኛ ዓመት የደረስን ሰዎች፣ የምንለው ጠፋን። ያን ቀን ማለት የነበረብንን አሁን እንጽፈዋለን።

ካውቦይ የሚለውን ስም ያስከበረው ሆሊውድ ነው። ጄምስ ስቱዋርት ፓይ የሚባለውን ፈረስ በፊልሞቹ ላይ ሃያ ዓመት ገደማ ጋልቦታል፤ ሊገዛው ቢለምንም የፈረሱ ባለቤት አልሸጥም አለች። የሮይ ሮጀርስ ፈረስ ትሪገር ከጌታው እኩል ዝነኛ ነበር፤ በ1965 ሲሞት ቆዳው ተሞልቶ ለሕዝብ እይታ ቆመ (ይሄኛው ለእኛ ጆሮ ትንሽ ይከብዳል)። ተዋናይ የነበረው ሮናልድ ሬገን በ1974 በካሊፎርኒያ ተራራ ላይ የከብት እርባታ ቦታ ገዛ፤ ፕሬዚዳንት ሆኖም እዚያ እየሄደ አጥር ያጥር፣ እንጨት ይፈልጥ፣ ይጋልብ ነበር። ሰውም ወደደለት። ከብት አጠገብ መዋልን ሀብታም ሲያደርገው «ከተፈጥሮ ጋር መኖር» ይባላል። አባቶቻችን ሲያደርጉት ግን እዚህ አገር ያገኙት ስም «ያልተማረ ገበሬ» ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ፈረስ ለጌታው ስም ያወጣል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። በአዊ፣ እንጅባራ ላይ፣ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን ጥር 23 ያከብራል። ዩቲዩብ ላይ ፈልጋችሁ እዩት፤ ፈረሱ ከፈረሰኛው ይበልጥ አጊጦ ይወጣል።

ግን አንዋሽ። የመሳፍንቱ ፈረስ የእኛ አልነበረም። በጎንደር ቤተ እስራኤል በአብዛኛው ርስት የተከለከለ፣ በሰው መሬት የሚያርስ፣ ብረት የሚቀጠቅጥና ሸክላ የሚሠራ ሕዝብ ነበር። ብዙዎቹ ወላጆቻችን የሚያውቁት በሬና አህያ ነው፤ በቅሎ ወይም ፈረስ የነበረው ዕድለኛ ነው። ስለዚህ ለዚያ ልጅ «አያትህ ራስ ነበሩ» ብለን ተረት ልንፈጥርለት አንፈልግም። የምንለው ሌላ ነው፦ ከብት ያሳደገ ሰው እውቀት አለው። የታመመውን ከአረማመዱ ይለያል፣ የደነበረውን በድምፁ ያረጋጋል፣ ጀርባው የተገጠበውን አይጭንም። ያለ ንግግር መግባባትን እኛ ለፈተና እናጠናለን፤ እሱ ገና እረኛ ሳለ ጨርሶታል።

ይህ እውቀት እዚህ አገር ገንዘብ ያወጣል፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ግን ሌላ ሰው ነው። ረኺቫ ቲፑሊት የሚሉት በፈረስ የሚሰጥ ሕክምና ትኩረት ለሚያስቸግራቸውና ፍርሃት ለሚይዛቸው ልጆች ይሰጣል። ልጆቹን ወደ አንድ ጋጣ ወሰድናቸው። አንድ አባት አብረውን መጡ። ፈረሷን አንዴ ዞረው አዩዋትና «የኋላ ቀኝ እግሯን ታሳሳለች፣ ሰኮናዋ ውስጥ ጠጠር አለ» አሉን። አሠልጣኟ በትሕትና ከአጥሩ ውጭ እንዲጠብቁ ነገረቻቸው። ተረጎምንላት፤ አላመነችም። ትንሽ ቆይታ እግሩን አነሳችና ጠጠሩን አወጣች። እሳቸውን ግን ግቡ ያላቸው የለም። ልጃቸው ሁሉንም ቆሞ አይቷል።

ሕፃን ፈረስ ላይ ማስቀመጥ ቀልድ አይደለም፤ ለአሠልጣኝ የምስክር ወረቀት መጠየቁን አንቃወምም። ሰኮና ለማጽዳት፣ ለመቦረሽ፣ ኮርቻ ለመጫንና ልጁን «አይዞህ፣ ቀስ በል» ለማለት ግን ዲግሪ አያስፈልግም። አንድ አባት ለዚህ በክፍያ ይቀጠሩ። በነፃ አይደለም፤ በነፃ ሲሆን «የወላጆች ተሳትፎ» ተብሎ ይረሳል። በዚያ ስም የሚያዘውን በጀት እናውቀዋለን፤ አብዛኛው ለሻይና ለብስኩት ያልቃል።

ሐሳቡን በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ እናቀርባለን። ያን አባት አነጋግረናቸዋል፤ ለመሥራት ፈቃደኛ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቀውናል፦ በሰንበት እንዳይሆን።