ከአንጎል ጋር የተያያዘውን መሣሪያ ማን ይጠግነዋል?

እጅና እግሩ የማይታዘዝለት ሰው በሐሳቡ ኮምፒዩተር ማዘዝ መቻሉ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ሰውነቱ ሽባ የሆነ ወጣት፣ አንጎሉ ላይ በተተከሉ 96 ጥቃቅን ኤሌክትሮዶች አማካይነት የኮምፒዩተር ጠቋሚ አንቀሳቅሷል፤ ቴሌቪዥንም አዟል። ይህን የሰው ልጅ የድካም ፍሬ የሚያጣጥሉ ወገኖች አቋም አቋማችን አይደለም።

እኛን የሚያሳስበን የጥገናው ጉዳይ ነው። መለዋወጫ ያጣ ማሽን ምን እንደሚሆን የፋብሪካ ሠራተኛ አሳምሮ ያውቃል። «ሰከንድ ሳይት» የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው፣ ብርሃንና ጥላን የሚያስለይ መሣሪያ ከ350 በሚበልጡ ዐይነ ስውራን ዐይን ላይ ተተክሎ ነበር። ኩባንያው በ2019 ፊቱን ወደ አንጎል ተከላ ለማዞር ሲል ምርቱን አቆመ፤ በ2020 ገንዘብ ሲያጥረው አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ። ባለመሣሪያዎቹ ጠጋኝ አጥተው ከነብረታቸው ቀሩ። አሮጌ ማሽን ከወርክሾፕ ተጎትቶ ይወጣል፤ ይህ የሚወጣው ግን በቀዶ ሕክምና ነው።

ቺሊ በ2021 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ለአንጎል እንቅስቃሴና ከእርሱ ለሚገኘው መረጃ ከለላ ሰጥታለች። ተገቢ እርምጃ ነው። ሆኖም መረጃን መጠበቅ ጥገናን አያስገኝም። ስለሆነም የተከላ ፈቃድ የሚጠይቅ ኩባንያ ሁሉ፣ ሥራውን ቢዘጋ እንኳ የጥገናውንና የማስወጫውን ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ አስቀድሞ በመንግሥት እጅ እንዲያስይዝ መገደድ አለበት እንላለን።