ስምና ኑሮ

ሰው «ማን ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ያባቱንና ያያቱን ስም ይናገራል፤ ያደገበትን ኑሮ ግን ሳያስበው በድምፁ ይገልጻል። በጌዴኦ አገር አሮጌ የሙግት መዝገብ ስንገልጥ፥ ተከራካሪው በስሙ ፈንታ «የእገሌ ጭሰኛ» ተብሎ ተጽፎ አግኝተናል። ጽሑፉ የጸሓፊ ነው፤ እኛም ጸሓፊዎች ነንና ጥፋቱ ወደ ወገናችን ይመለሳል።

የዲላና የይርጋ ጨፌ ሕዝብ ራሱን ጌዴኦ ብሎ ይጠራል። በመንግሥት ወረቀት ግን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሁሉ «ደራሳ» ይባል ነበር፤ አውራጃውም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባለርስቱ ገባር ሆነ፤ በኋላም መሬቱ በቃላድ ሲለካ ብዙው ሰው ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። አባቱ በተከለው እንሰት ጥላ ሥር ተቀምጦ «መሬቱ ያንተ አይደለም» የተባለ ሰው፥ ልጁን ማን ነህ ብሎ ያሳድገዋል? ቡና ባፈራ ቍጥርም የባለመሬቱ ድርሻ ይከብድበት ነበር። በ1952 ዓ.ም. በሚጪሌ ጦር ይዘው ከተነሡት ገበሬዎች ብዙዎች ሞቱ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። መሬቱን ለገበሬው እንዲሸጠው አልሰጠውም፤ ሆኖም በጌታ ደጅ መጥናት ቀረ።

ዛሬ ይርጋ ጨፌ የሚለው ስም በባሕር ማዶ ቡና ቤቶች ተጽፎ ይታያል። በ1999 ዓ.ም. መንግሥታችን ስታርባክስ ከተባለው ያሜሪካ ኩባንያ ጋራ ስለ ይርጋ ጨፌ፥ ስለ ሲዳሞና ስለ ሐረር ቡና ስም የተስማማው፥ ስም ራሱ ገንዘብ ስለ ሆነ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፥ የተጻፈው ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ስም ነው። እኛ ግን በየቤታችን ከሩቅ አገር ለሥራ የመጣችውን ልጅ፥ ላፋችን እንዲመች ብለን ስሟን ለውጠን የምንጠራ ጥቂቶች አይደለንም።

ባለፈው የቡና ለቀማ ወራት በዲላ አንዲት እናት እሸት ቡናዋን ስታስመዝን አየን። ነጋዴው ከጎኗ የቆመውን ልጅ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለው። ልጁም ቀና ብሎ እናቱን አየና ያባቱን፥ ያያቱን፥ የቅድመ አያቱን ስም እያከታተለ ተናገረ። እናቲቱ ግን ዓይኗን ከሚዛኑ ላይ አላነሣችም።