ሥልጠናው የሚመዘነው ታማሚው ደጃፍ ላይ ነው

እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ አንዲት እናት የ27 ዓመት ልጃቸው ራሱን በቢላዋ ሲቆርጥ አይተው ፖሊስ ጠሩ። ፖሊሶቹ መጥተው ተኩሰው ገደሉት። በዓመቱ የከተማው ፖሊስ ከሐኪሞችና ከታማሚ ቤተሰቦች ጋር መክሮ የአእምሮ ሕመም የጠናበትን ሰው በእርጋታ ለመያዝ የሚያስችል የ40 ሰዓት ሥልጠና ጀመረ። ሥልጠናው ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ይሰጣል።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በጃንዋሪ 2019 እስራኤል ባት ያም ውስጥ የአእምሮ ሕመም የነበረበት የ24 ዓመት ቤተ እስራኤላዊ ወጣት፣ ቤተሰቡ እርዳታ ፈልጎ በጠራው ፖሊስ ጥይት ሞተ። ሺዎች ቴል አቪቭ ላይ አደባባይ ወጡ።

ጋዜጣችን ሥልጠናውን ይደግፋል፤ አመዛዘኑን ግን አይቀበልም። ፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ስንት ሰው እንዳሠለጠኑ ይነግሩናል፤ ሠልጣኞቹም በራስ መተማመናቸው እንደጨመረ ይናገራሉ። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ የቀደሙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ ሥልጠናው እስርንም ሆነ የኃይል አጠቃቀምን ስለመቀነሱ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። በዚያ ላይ ሠልጣኞቹ ብዙ ጊዜ በፈቃዳቸው የሚመዘገቡ፣ ከመጀመሪያውም ትዕግሥት ያላቸው ናቸው፤ ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸሩ ብቻውን ያሳስታል።

ሜምፊስ ክፍል ውስጥ ብቻ አልቀረችም። ስልክ ተቀባዮቿንም አሠለጠነች፤ ፖሊስ ያመጣውን ታማሚ ሳያንገላታ የሚቀበል ሆስፒታልም አዘጋጀች። ብዙ ከተሞች ትምህርቱን ወስደው ይህን ተዉት። ሆስፒታሉ ካልተቀበለው፣ የሠለጠነው ፖሊስ ታማሚውን ወዴት ይውሰደው?

የቋንቋው ጉዳይ ደግሞ ጨርሶ አይነሳም። ሠልጣኙ ዝግ ባለ ድምፅ እንዲናገር፣ ራቅ ብሎ እንዲቆም፣ ታማሚውን ጊዜ ሰጥቶ እንዲያዳምጥ ይማራል። በጭንቅ ሰዓት በአማርኛ ብቻ የሚናገር ሰው ሲገጥመው ግን ምን ሰምቶ ምን ይመልሳል? ብዙ ቤተሰቦቻችን ሕመሙን ደብቀው፣ ጸበል ሞክረው፣ ሲጨንቃቸው ነው የሚደውሉት። በዚያች ደቂቃ አስተርጓሚ ሆኖ የሚቆመው ብዙ ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ያለ ታናሽ ወንድም ነው። የዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. የ2004 የቋንቋ ሕግ አማርኛ ተናጋሪዎች በቋንቋቸው እንዲገለገሉ ያዛል፤ ሕጉ እዚያ ደጃፍ ላይ መድረሱን የፖሊስ ሪፖርት ያሳየን።

ስንት የጭንቅ ጥሪ መጣ፣ በስንቱ ኃይል ተጠቀሙ፣ ስንት ሰው ተጎዳ፣ ስንቱ ሆስፒታል ስንቱ እስር ቤት ገባ፣ በስንቱ አስተርጓሚ ተገኘ? የከተማ ምክር ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት የሥልጠና በጀት ከማጽደቃቸው በፊት የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በይፋ እንዲታተም ያድርጉ።