ርካሹ ጥርስ ስንት ያወጣል?



ሰሞኑን በአሜሪካ የሚኖር አንድ ወንድማችን ስልክ ደውሎ፣ «ሁለት ጥርስ ለማስተከል እዚህ የተጠየቅኩት ከአቅሜ በላይ ነው። ኢስታንቡል ርካሽ ነው ይሉኛል። ምን ትላላችሁ?» ሲል ጠየቀን። እኛ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለንምና፣ «ሒሳቡን አብረን እናስላ» አልነው።

የጥርስ ተከላ የሚባለው ከቲታኒየም የተሠራ ብሎን በመንጋጋ አጥንት ውስጥ መትከል ነው። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ብሮኔማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ የጀመሩት ሕክምና ነው። አጥንቱ ከብሎኑ ጋር እስኪዋሐድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ቋሚው ጥርስ የሚገጠመው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ጉዞው በአብዛኛው ሁለት ነው፤ ትኬቱም፣ ማረፊያውም፣ ከሥራ መቅረቱም ሁለት። «በአንድ ሳምንት እንጨርሳለን» የሚልን፣ «ቋሚውን ነው ጊዜያዊውን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ወንድማችን ደግሞ የስኳር ሕመም አለበት። ስኳሩ በቁጥጥር ሥር ካልዋለ ቁስሉ በቀላሉ አይድንም። ከተመለሰ በኋላ ድዱ ቢያመረቅዝ ማን ያየዋል? የብሎኑን ዓይነትና መለያ ቁጥር በጽሑፍ ካልያዘስ ሌላ ሐኪም በምን ያውቀዋል?

ባሕር ተሻግሮ መታከም ነውር አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም በየአገሩ አለ። ነገር ግን አስቀድሞ የቅርቡን በር ማንኳኳት ይበጃል። በአሜሪካ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች፣ ተማሪዎች በመምህራን ተቆጣጣሪነት ከግል ክሊኒኮች ባነሰ ዋጋ ያክማሉ።

ወንድማችን ትኬቱን ገና አልቆረጠም። አስቀድሞ ስኳሩን ሊመረመር ቀጠሮ ይዟል። አላህ ጤናውን ይስጠው።