መጀመሪያ ጫማ ይውለቅ

በዚህ ሳምንት ነቀምቴ ውስጥ ቡና ስጠጣ የሰማሁት ንግግር አናዶኛል። አንድ የተማረ ወጣት፣ ካሁን በኋላ ካንሰር በደም ምርመራ ብቻ ይታወቃል፣ ቆዳ ቆርጦ ናሙና መላክ ቀርቷል እያለ ያስረዳል። አጠገቡ የተቀመጡ ከምሥራቅ ወለጋ ኪራሙ የመጡ አዛውንት «እሰይ ልጄ፣ እንግዲያው ደሜን ሰጥቼ ቁርጤን ልወቅ» አሉት። ሲገቡ ሲያነክሱ አይቻቸው ነበርና «አባባ፣ እስቲ እግርዎን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ውስጥ እግራቸው ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር ቁስል አለች። እሾህ ወግቷቸው ነበር ይላሉ፤ ዓመት አልፏታል። አንዴ በጋለ ብረት አስተኩሰዋታል። በሄዱበት ክሊኒክ ሁሉ ደምና ሽንት ሰጥተዋል፤ ጫማዎን ያውልቁ ያላቸው ግን የለም።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ የእግር ነገር ሲነሳ ዝም እንደማልል ታውቃላችሁ።

ወጣቱ ከሜዳ ተነስቶ አላወራም። እ.ኤ.አ. በ1869 ቶማስ አሽዎርዝ የተባለ የአውስትራሊያ ሐኪም በካንሰር በሞተ ሰው ደም ውስጥ ከዕጢው ሴሎች ጋር የሚመሳሰሉ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ አየ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር የታመሙ ሰዎችን ደም መረመሩ። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡ ሴሎች ታይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ይሠራሉ። የዚህ ኢንዛይም የዘረመል መልእክት በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ አይጠበቅም፤ ከተገኘ የሜላኖማ ሴል በደም ሥር እየዞረ ነው ማለት ነው። ሐሳቡ በጣም ያምራል። ችግሩ፣ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሲደግሙት ውጤታቸው ሳይገጥም ቀረ። አንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ አምስት ቢሊዮን ያህል ቀይ የደም ሴል አለ፤ ከዚያ መካከል አንዲት የካንሰር ሴል ለቅሞ ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ሂውስተን ከሚገኘው ኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል የወጣው ጥናት የተሻለ ነገር አሳየ። ሜላኖማቸው ሦስተኛ ደረጃ የደረሰ፣ ማለትም በአካባቢው ወዳለ ንፍፊት ወይም ቆዳ የተዛመተ 243 ሰዎች 7.5 ሚሊ ሊትር ደም ሰጡ። በ90ዎቹ ደም ውስጥ ቢያንስ አንዲት የሜላኖማ ሴል ተገኘች፤ በእነዚህም ሰዎች ላይ በሽታው ቶሎ የማገርሸት ዕድሉ ከፍ ያለ ሆነ። ሐኪም ማንን በቅርብ መከታተል እንዳለበት ለማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ደስ ብሎኛል።

ነገር ግን የቀሩትን አስቡ። 153 ሰዎች ካንሰሩ ተዛምቶባቸው ሳለ በተቀዳው ደማቸው ውስጥ አንዲት ሴል አልተገኘችም። ይህ ምርመራ በሽታው ቀድሞ የታወቀለትን ሰው ወደፊት ምን ይጠብቀው እንደሆነ ይጠቁማል እንጂ፣ ያልታወቀለትን ሰው ነጻ ነህ ብሎ ወደ ቤቱ አይሸኝም። የኪራሙው አዛውንት ደማቸውን ሰጥተው «ምንም የለም» ቢባሉ ቁስሏን ይዘው ይመለሱ ነበር።

የሜላኖማን ነገ ለመተንበይ ዛሬም ቀዳሚው መለኪያ ሚሊ ሜትር ነው። አሌክሳንደር ብሬስሎ የተባለ አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት (ናሙና መርማሪ ሐኪም) እ.ኤ.አ. በ1970 ዕጢው ወደ ቆዳ ውስጥ የጠለቀበትን ልክ ለካ። ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ዕጢ በጊዜ ተቆርጦ ከወጣ አብዛኛው ሰው ይድናል። ጠልቆ ከቆየ ግን ተስፋው እየመነመነ ይሄዳል። ይህን ለመለካት ደግሞ ቁስሉን ማየት፣ መቁረጥና ለፓቶሎጂስት መላክ ያስፈልጋል። ከኪራሙ ነቀምቴ ለመድረስ መንገዱ ሰላም መሆን አለበት፤ ያ መንገድ ተዘግቶ በቆየባቸው ወራት የስንቱ ሕመም በቤቱ እንደጠለቀ የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

«ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም» የሚሉ አሉ። ቦብ ማርሌ በምን ሞተ? እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት፤ ቀድሞ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ በግንቦት 1981 በ36 ዓመቱ ዐረፈ። ሜላኖማ በጥቁር ሕዝብ ላይ ከነጮች ይልቅ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን ፀሐይ የማያገኘውን ውስጥ እግር፣ መዳፍና የጥፍር ሥር ይመርጣል። ማለትም ማንም የማያየውን ቦታ።

ድሮ ይታይ ነበር። በገጠር ቤት አባት ከእርሻ ሲመለስ፣ እንግዳም ከመንገድ ሲገባ፣ እግሩ በሞቀ ውሃ ይታጠብለት ነበር። የምታጥበው ልጅ ስንጥቁንም፣ እሾሁንም፣ አዲስ የወጣውንም ነገር ታውቀዋለች። አሁን ሁሉም የፕላስቲክ ጫማውን አጥልቆ ይውላል፤ እግሩ ለቤተሰቡ እንኳ ምስጢር ሆኗል። ጫማው መምጣቱ መልካም ነው፤ እግር ማየታችን መቅረቱ ግን ያሳዝነኛል። እናቴ የአያቴን እግር ስታጥብ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ትፈለቅቅ ነበር። እንደ እሷ አድርጎ እግር የመረመረ ባለሙያ እስካሁን አላየሁም።

ወለጋ እግር ለማየት የሚሆን መሠረት አለው። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ በምሥራቅም በምዕራብም ወለጋ የሚታወቅ በሽታ ነው። ዝሆኔ ያለባቸው ሰዎች እግራቸውን እንዲታጠቡና እንዲንከባከቡ ይመከራሉ፤ ያን ጊዜ እግሩ በባለሙያ ፊት ይገለጣል። ያው ባለሙያ ውስጥ እግሩንና ጥፍሩን ገልበጥ አድርጎ ቢያይ ምን ይጎድልበታል?

የምሥራቅ ወለጋ ዞንና የወረዳዎቹ ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ እባካችሁ በዝሆኔ ታካሚዎች የእግር ምርመራ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ውስጥ እግር ወይም ጥፍር ሥር የሚሰፋ፣ የሚደማ ወይም አልድን ያለ ጥቁር ነገር አለ? ካለ እንዳይተኮስ፤ ናሙናው ተወስዶ ለፓቶሎጂስት ይላክ። እናንተም አንባቢዎቼ፣ የወላጆቻችሁን እግር በዚህ ሳምንት እዩ።