የወረርሽኝ ስሌትና የቀበሌ መዝገብ

ተላላፊ በሽታ የሚመጣበትን መንገድና ወራት አስቀድሞ ማወቅ ለመንግሥትም ለሕዝብም ታላቅ ጥቅም እንዳለው የታወቀ ነው። ጦር የሚገባበትን በር ያወቀ ሹም ዘበኛውን በዚያ በር ያቆማል፤ እንዲሁም ሕመም የሚበረታበትን ጊዜ ያወቀ የጤና መሥሪያ ቤት መድኃኒቱንና አጎበሩን ሕመሙ ሳይደርስ ያደርሳል። በአሁኑ ዘመን ሐኪሞችና የቁጥር ሊቃውንት ተባብረው ያለፈውን የሕሙማን ቁጥር፣ የዝናሙን መጠን፣ የአየሩን ሙቀትና የሰዉን መመላለስ በኮምፒዩተር እያሰሉ ወረርሽኝ ወዴትና መቼ እንደሚዛመት የሚያመለክት ስሌት ያወጣሉ። ይህንም ሞዴል ይሉታል። ጥበቡ በጌዴኦ ዞንና በዲላ ከተማ ምን ሊሠራ እንደሚችል፣ ምንስ እንደሚያሰናክለው መመርመር የሚገባ ነው።

አንዳንድ ሰው ነገሩ ከጥንቆላ የሚቈጠር ይመስለዋል። አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ካህናት ዐቢይ ጾም በምን ቀን እንደሚገባ ከብዙ ዓመት አስቀድመው ሲናገሩ አበቅቴውንና መጥቅዑን ቈጥረው ነው እንጂ ጠንቁለው አይደለም። የሐኪሞቹም ስሌት ከዚሁ ወገን ነው። ልዩነቱ ግን ፀሐይና ጨረቃ ሥርዓታቸውን የማይለውጡ ሲሆኑ ሰው ገበያ ይሄዳል፣ ይሰደዳል፣ ይከተባል፣ አጎበሩን ይዘረጋል ወይም ለሌላ ሥራ ያውለዋል። ስለዚህ የበሽታ ስሌት በየሳምንቱ በአዲስ ቁጥር ካልታደሰ መሳቱ አይቀርም።

የስሌቱ መሠረት ለመረዳት የሚከብድ አይደለም። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1927 ከርማክና ማኬንድሪክ የሚባሉ ሁለት የስኮትላንድ ሊቃውንት ሕዝቡን በሦስት ከፍለው አሰቡት፤ ገና ያልታመመ፣ ታሞ ለሌላው የሚያስተላልፍ፣ ድኖ ወይም ሞቶ ከማስተላለፍ የወጣ። አንድ ሕመምተኛ በሽታውን ለሁለት ሰው ቢሰጥ፣ ሁለቱ ለአራት፣ አራቱም ለስምንት እያሉ ቢሄዱ በዐሥረኛው ዙር 1,024 አዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። በአማካይ አንዱ ለአንድ እንኳ ማድረስ ካልቻለ ግን ወረርሽኙ እየከሰመ ይሄዳል። የክትባትና የአጎበር ሥራ ሁሉ ያንን ቁጥር ከአንድ በታች ለማውረድ የሚደረግ ትግል ነው። ኩፍኝ ክትባት በሌለበት አገር አንዱ ሕመምተኛ ከ12 እስከ 18 ሰው ይይዛል ስለሚባል ከ100 ሕፃናት 95 ያህሉ ካልተከተቡ አይገታም።

ወባ ከሰው ወደ ሰው የሚያልፈው በትንኝ ስለ ሆነ ስሌቱ ዝናምንና ሙቀትን ይጨምራል። ዝናም ጥሎ ውሃ ሲያቈር ትንኙ ይራባል፤ ተሐዋሲውም በትንኙ ሆድ ውስጥ የሚያድገው አየሩ ሲሞቅ ነው፤ ብርድ በበረታበት ደጋ ማደግ አይችልም። እንግዲህ በዝናሙ መጣልና በሕሙማኑ መብዛት መካከል የሳምንታት ርቀት አለ። ያ ርቀት ለሹሙ የተሰጠ ቀጠሮ ነው፤ ያልተጠቀመበት እንደ ሆነ ሁለተኛ አይሰጠውም። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ወባ ከልማዱ ወጥቶ ወደ ደጋው አፋፍ በወጣ ጊዜ በኢትዮጵያ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፣ 150 ሺህ ያህልም እንደ ሞተ ተገምቷል። ሕመሙን ያልለመደው የደጋ ሕዝብ ሳያውቀው ደረሰበት።

ይህን የመሰለውን ለመከላከል በአማራ ክልል የጤና ሰዎች፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ኤፒዴሚያ የሚባል የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቁመው በ47 ወረዳዎች ሞክረውታል። ሥርዓቱ ሳተላይት የሚያየውን ዝናም፣ የምድር ሙቀትና ልምላሜ ከወረዳዎቹ ሳምንታዊ የሕሙማን ቁጥር ጋር አገናኝቶ የሚመጡትን ሳምንታት ይገምታል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሳተላይቱ ዝናሙን ያያል እንጂ ሕመምተኛውን አያይም፤ ሕመምተኛውን የሚያየው የጤና ኬላው ነው።

ወደ ጌዴኦ ሲመለሱ አገሩ ለስሌት የሚያስቸግር ሆኖ ይገኛል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ 847,434 ሰው በ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል ምድር ላይ ሰፍሮ ተገኘ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ያ የእንሰት፣ የቡናና የዛፍ እርሻ ይህን ሁሉ ሕዝብ በአንድነት ይመግባል። ነገር ግን ከዲላ ዙሪያ ቆላማ ቀበሌዎች ተነሥቶ ወደ ቡሌ ደጋ የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ወባ ከሚበዛበት አገር ወባ ወደማይታወቅበት ይደርሳል። ስለዚህ የዞኑን ሕሙማን ደምሮ ለሕዝቡ ሁሉ አካፍሎ አንድ ቁጥር ማውጣት ቆላውን ይሸፍናል፤ ደጋውንም ያለ ፍርሃቱ ያስፈራዋል። ስሌቱ በቀበሌ ካልሆነ አይጠቅምም። ደግሞም የአዲስ አበባና የሞያሌ አውራ ጎዳና ዲላን አቋርጦ ያልፋል፤ የቡና ለቀማው ወራትም ከበልግና ከመኸር ዝናሞች ሁለተኛው ካለፈ በኋላ፣ ትንኙ ከሚበዛበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ሠራተኛ ከደጋ ወርዶ ለቅሞ ሲመለስ ሕመሙን በደሙ ይዞ ቢመለስ በጤና ኬላው የሚመዘገበው በታመመበት ሳይሆን በተኛበት ቀበሌ ነው።

የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ኮምፒዩተር ለሌለው ሰው እንኳ የሚሆን ስሌት ሰጥቷል። የጤና ኬላው ያለፉትን አምስት ዓመታት የአንድ ሳምንት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ከአምስቱ ሁለተኛው ትልቁ ቁጥር ወሰን ይሆናል፤ የዘንድሮው ቁጥር ያን ወሰን ቢያልፍ ወረርሽኝ ተጀምሯል ተብሎ ይጠረጠራል። ይህን ለመሥራት እርሳስና ወረቀት፣ ይልቁንም እውነተኛ መዝገብ ይበቃል። እውነተኛው መዝገብ ግን ከእርሳሱ ይልቅ ብርቅ ነው።

ችግሩ ብዙ ነው። የሕዝቡ ቁጥር ራሱ ከ1999 ዓ.ም. በኋላ ሌላ ቈጠራ ስላልተከተለው በግምት እየተባዛ የመጣ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ከ900 ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በመጠለያ ባደረ ጊዜ የአንዱ ቀበሌ ሕዝብ በጥቂት ቀን እጥፍ ሲሆን ያንዱ ባዶ ቀረ። የዚያን ዓመት ቁጥር እንደ ተራ ዓመት ቈጥሮ በወሰኑ ውስጥ የሚያስገባ ጸሐፊ ወሰኑን ከልክ በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ እውነተኛ ወረርሽኝም ከወሰኑ በታች ሆኖ ያልፋል። እንደዚህ ያለውን ዓመት ለይቶ ማስቀመጥ የማሽኑ ሥራ አይደለም፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

ሌላም አለ። ሪፖርት አለመምጣቱና ሕመምተኛ አለመኖሩ አንድ አይደለም። መንገዱ በጭቃ ተቈርጦ፣ ስልኩ ጠፍቶ፣ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለሌላ ዘመቻ ተጠርታ ሪፖርቱ በቀረበት ሳምንት ጸሐፊው ባዶውን ቦታ በዜሮ ቢሞላው ሞዴሉ ቀበሌው ጤነኛ ነው ብሎ ያምናል። የወባ መመርመሪያው ባለቀበት ወር ደግሞ የሕሙማኑ ቁጥር በወረቀት ላይ ይወርዳል፤ ሕሙማኑ ግን በየቤታቸው ያቃስታሉ። ከሁሉ የከፋው ቁጥሩን አውቆ ማሳነስ ነው። በወረዳው በሽታ በዛ ከተባለ ሥራው የተነቀፈ የሚመስለው ሹም አለ። ይህ ሹም ለአንድ ስብሰባ ወቀሳን ያመልጥ ይሆናል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ የሚከፈለው በተላከው ቁጥር መሠረት ስለ ሆነ የገዛ ሕዝቡን ድርሻ ቀንሶ ይልካል።

በመረጃ ብዛት ብቻ መመካትም እንደሚያሳፍር የታላላቅ አገሮች ታሪክ ያስረዳል። ጉግል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሰዎች በኮምፒዩተር ስለ ጉንፋን የሚጠይቁትን ጥያቄ እየቈጠረ ኢንፍሉዌንዛን የሚተነብይ ሥርዓት በፈረንጅ 2008 አቁሞ ነበር። በ2013 ክረምት ግን ግምቱ ሐኪሞች ከመዘገቡት እጥፍ ወደ መሆን ስለ ተጠጋ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተዘጋ። ሰው ስለ ሕመም መጠየቁ መታመሙን አያረጋግጥምና።

በኢትዮጵያም የወባው ነገር ገና ብርቱ ነው። በፈረንጅ 2019 የተመዘገበው ሕመምተኛ 1 ሚሊዮን የማይሞላ ሆኖ ሳለ፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሞ 1,157 ሰው እንደ ሞተ የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል። ጌዴኦ በሚገኝበት በደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም በጂንካ ከተማ የማርበርግ በሽታ መግባቱ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ተረጋገጠ። እንደዚህ ያለ አዲስ ደዌ ያለፈ አምስት ዓመት መዝገብ የለውም፤ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በምን መንገድ እንደ ሄዱና ከማን ጋር እንደ ተገናኙ ካልተጻፈ ስሌቱ የሚነሣበት መሠረት አያገኝም።

በዚህ ነገር የካህናት ድርሻ ጥቂት አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ስንት ሰው እንደ ፈጀ እስከ ዛሬ በግምት ብቻ ይነገራል፤ ሙታኑን የፈቱና የቀበሩ ካህናት ነበሩ፣ የተጻፈ ቁጥር ግን አልነበረም። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በከተማው የመቃብር ስፍራዎች ሁሉ፣ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም፣ የሚቀበረውን ሰው ዕድሜና ጾታ እያስመዘገቡ ኤድስ ምን ያህል ሰው እንደ ገደለ ለማወቅ ችለዋል። ሞት በሆስፒታል ሳይሆን በቤት በሚሆንበት አገር ከሐኪሙ በፊት የሚያውቀው ቀባሪው ነው። በጌዴኦ የደብር አለቆች፣ የወንጌላውያን መጋቢዎች፣ የመስጊድ አባቶችና በሶንጎ የሚሰበሰቡ ሽማግሌዎች በአንድ ሳምንት ከልማድ የወጣ ለቅሶ ባዩ ጊዜ ለጤና ኬላው ቢናገሩ ማንኛውም ሳተላይት የማይሰጠውን ወሬ ይሰጣሉ።

ነቢዩ ዮናስ ነነዌ በ40 ቀን ትጠፋለች ብሎ ሰበከ፤ ሕዝቡ ሰምቶ ተመለሰና ከተማይቱ ዳነች። የበሽታ ትንቢትም እንደዚሁ ነው። ሺህ ሰው ይታመማል ተብሎ አጎበር ተዘርግቶ፣ ውሃው ደርቆ፣ መድኃኒቱ ደርሶ መቶ ብቻ ቢታመም ሰዎች ስሌቱን ሐሰተኛ ነው ይሉታል፤ ሹሙንም ያለ ምክንያት ገንዘብ አወጣ ብለው ይከሱታል። የሚከሱ ሁሉ የተሰላው ሕዝቡ ምንም ባያደርግ የሚሆነው መሆኑን ሊያውቁ ይገባል። በዚህ ክስ ፈርቶ ማስጠንቀቂያውን በኪሱ የሚይዝ ሹም ግን እንደ ዮናስ ወደ ተርሴስ መሸሹ ነው።

የዲላ ዩኒቨርሲቲ የጤናም የቁጥርም መምህራን አሉት፤ የዞኑ ጤና መምሪያ በየሳምንቱ ቁጥር ይቀበላል፤ የሜቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ዝናሙን ይለካል። ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የበልጉ ዝናም ሳይጥል የየቀበሌውን የአምስት ዓመት መዝገብ ቢያጠሩ፣ የ2010ን ዓመት ለብቻው ቢለዩ፣ ባዶውን ከዜሮ ቢያበጥሩ፣ ከዚያም ወሰኑን በየጤና ኬላው ግድግዳ ላይ በትልቅ ወረቀት ስለው ቢለጥፉ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየሰኞው አንዲት ነጥብ ትጨምርበታለች፤ የቀበሌው ሊቀ መንበርም ነጥቧ ከመስመሩ ስታልፍ በዓይኑ ያያል።